ሽፋሽፍት ከመሠራትዎ በፊት፦ ቶሎ ለሚቆጣና ኤግዚማ ላለበት ቆዳ

ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ የውበት ሳሎኖች ፋታ አይኖራቸውም። ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቿና እህቶቿ፣ አንዳንዴም እናቷ ሳይቀሩ ተራ ይዘው ይጠብቃሉ። ፀጉርና ጥፍር ድሮም ነበሩ፤ አሁን ደግሞ “ላሽ” የማይነሣበት የሠርግ ዝግጅት ጥቂት ነው። ለአብዛኛው ሰው ነገሩ ሁለት ሰዓት ያህል ዐይንን ጨፍኖ ተኝቶ መነሣት ነው። ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ፣ ኤግዚማ ወይም በተለምዶ ችፌ የምንለው ላለበት ሰው ግን አርብ የተሠራ ሽፋሽፍት እሑድ ጠዋት ዐይን አሳብጦ ሊጠብቅ ይችላል።

ይህ ማለት እንዲህ ዓይነት ቆዳ ያላት ሴት ከነጭራሹ አትሠራ ማለት አይደለም። ዐይኗ አጠገብ ምን እንደሚቀባ ማወቅ፣ ቀድማ መሞከርና ቀኑን መምረጥ አለባት ማለት ነው።

የዐይን ቆብ ለምን ይለያል?

የዐይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስሱ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤግዚማ ባለበት ሰው ደግሞ የቆዳው መከላከያ ሽፋን የላላ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይወጣል፣ ከውጭ የሚነካው ኬሚካልም በቀላሉ ይገባል። ለዚህ ነው ጥፍር ላይ የተቀባ ጄል ወይም ፀጉር ላይ የፈሰሰ ሻምፑ እጅንም ራስንም ሳይጎዳ ዐይን ቆብ ላይ የሚወጣው። “ዐይኔን ምን ነካኝ?” ስንል መልሱ አንዳንዴ ጥፍራችን ላይ ነው።

ሦስቱ አገልግሎቶች አንድ አይደሉም

የመጀመሪያው ሽፋሽፍት ማስቀጠል ነው። ሙጫው በአብዛኛው የሚሠራው ከሳይኖአክሪሌት ሲሆን ከሱፐር ግሉ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ይደርቃል፤ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ዐይን ያቃጥላል። ጥቂት ፎርማልዲሃይድ የሚለቁ ሙጫዎች አሉ፤ ላቴክስ ያለባቸውም አሉ። በደንብ የተሠራ ላሽ የሚጣበቀው ፀጉሩ ላይ ብቻ ነው፤ ከቆዳው በትንሹ ራቅ ማለት አለበት። ሙጫው ቆቡን ከነካ ሥራው ከመጀመሪያው ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ላሽ ሊፍት ነው። የሚቀጠል ነገር የለም፤ የራስ ሽፋሽፍት በሲሊኮን ላይ ተጠቅልሎ ወደ ላይ እንዲታጠፍ ይደረጋል። ሙጫና ክብደት ስለሌለው ቀለል ያለ ይመስላል። ነገር ግን ፀጉሩን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ፐርም ለመሥራት ከምንጠቀምበት ጋር የሚዛመድ ነው፤ ኤግዚማ የተነሣበትን ቆዳ ከነካ ያቃጥላል።

ሦስተኛው ቀለም መቀባት ነው፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይኸው ነው። ብዙ ጥቁር የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ “ላሽ ሉር” የተባለ ይህ ኬሚካል ያለበት የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን ለዓይነ ስውርነት ዳርጓል፤ ሕይወቷን ያጣችም ነበረች። አገሪቱ በ1938 የመዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠር ሕግ ስታወጣ ይህ ጉዳት ከመነሻዎቹ አንዱ ነበር።

እኛንም የሚመለከት ነገር አለ። ንጹሕ ሂና ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚያደርገው “ጥቁር ሂና” ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ ተጨምሮበታል። በጥቁር ሂና ወይም በፀጉር ቀለም እጅዎ ወይም ራስዎ አንድ ጊዜ ካበጠ ወይም ካሳከከዎት፣ የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለምን ይተዉት። ሰውነት አንዴ የለየውን ኬሚካል አይረሳም፤ በቤትዎም አይሞክሩት።

“ለስስ ቆዳ” የሚለውን ጽሑፍ እንዴት እናንብበው?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እሽግ ላይ የሚጻፉ ቃላት እንዴት እንደሚመረጡ አውቃለሁ። “ሃይፖአለርጀኒክ”፣ “ለስላሳ”፣ “ተፈጥሯዊ” የሚሉት ገዢን የሚያረጋጉ ቃላት ናቸው እንጂ አለርጂ ላለመነሣቱ ዋስትና አይደሉም። አሜሪካን ጨምሮ “ሃይፖአለርጀኒክ” ለሚለው ቃል ሕጋዊ መለኪያ ያልወጣባቸው አገሮች አሉ። ከፊት ለፊቱ ይልቅ ጀርባውን ያንብቡ። የይዘት ዝርዝር የሌለው፣ ከትልቅ ዕቃ የተቀነሰ ወይም የአገልግሎት ጊዜው የማይታወቅ ሙጫ ዐይንዎ አጠገብ አይድረስ።

ሙከራው እንዴት ይደረጋል?

በዚያው ቀን የሚጠቀሙበትን ሙጫ ጥቂት ጠብታ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከክርን ውስጠኛ ክፍል፣ ኤግዚማ በሌለበት ቆዳ ላይ ያስደርጉ። ቢያንስ 48 ሰዓት ይጠብቁ፤ 72 ሰዓት ቢሆን ይሻላል፣ አለርጂ ዘግይቶ ሊወጣ ይችላልና። “የኔ ቆንጆ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል” ቢሉዎት አይቀበሉ። ሳሎኑ ሙጫ በቀየረ ቁጥር ሙከራው ይደገማል። ከዚህ በፊት ዐይንዎ አካባቢ ያበጠ ከሆነ ግን ሙከራውን ለቆዳ ሐኪም ይተዉ።

ቆቡ ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ ወይም እየተቀረፈ ከሆነ፣ ወይም ዐይንዎ ላይ ቡግንጅ ካለ ቀጠሮውን ያራዝሙ። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ድኖ ጥቂት ሳምንት ይቆይ።

ባለሙያዋን ደግሞ ይጠይቋት፦ የሙጫው ስም ምንድን ነው? ወረንጦው በምን ይጸዳል? ብሩሹ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው? ከዐይን በታች የሚለጠፈው ነገር ቢያሳክከኝ ምን ትለውጪልኛለሽ? በግልጽ የምትመልስ ባለሙያ ሥራዋን ታውቃለች።

ከተሠሩ በኋላ

“እንዳይረግፍ ውኃ አይንካው” የሚለው ምክር ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን አለመታጠብ ቅባትና ቆሻሻ ሥሩ ላይ እንዲጠራቀም አድርጎ የዐይን ቆብ ጠርዝን ያስቆጣል። በየቀኑ ሽታ በሌለው ለስላሳ መታጠቢያ በቀስታ ያጽዱ፣ አይሹት። የምጣድ ወላፈን ሰው ሠራሹን ፀጉር ያበላሻል፤ የዕጣንና የከሰል ጭስም የተቆጣን ዐይን ያብሳል።

ማቃጠሉ ወዲያው ጀምሮ በሰዓታት ውስጥ ከቀነሰ ትነቱ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ጀምሮ እያሳከከ የሚያብጥ ከሆነ ግን አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል። ላሹን በእጅ አይንቀሉ፣ የራስዎ ሽፋሽፍት አብሮ ይነቀላል። ሎሚም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አይቀቡ። ከፋርማሲ በራስዎ የገዙትን የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ዐይን አጠገብ አያድርሱ፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት የዐይን ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

ሙጫ ወይም ማስለቀቂያ ዐይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ። ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የዕይታ መደብዘዝ ካለ በዚያው ቀን የዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዐይን፣ አለርት ደግሞ በቆዳ ሕክምና ይታወቃሉ። ከንፈር ማበጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ግን በአቅራቢያ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለሙሽራዋ

የመጀመሪያውን ላሽ ከሠርጉ አንድ ወር ቀድመው ይሞክሩ። ቆዳዎ ከተቀበለው፣ የመጨረሻውን በዚያው ሙጫና በዚያችው ባለሙያ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ይሠሩ። ካልተቀበለው ሌላ ለመምረጥ ገና ጊዜ አለዎት፦ ሙጫው አስቀድሞ የተሞከረና ማታውኑ የሚነሣ የአንድ ቀን ላሽ፣ ወይም መጠምዘዣና ከዚህ በፊት የሚያውቁት ማስካራ። የሠርግ አልበም ለዕድሜ ልክ ነው፤ ከሁሉ በፊት በፎቶው ላይ የሚታየው ያላበጠና ያልቀላ ዐይን ነው።