በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚነሣ ተቃውሞ፦ የ2015 ዓ.ም. ውዝግብ ምን ያስተምራል?

በአገራችን ጥቁር የኀዘን ልብስ ነው። ጥቁር የለበሱ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሰብስበው የሚያይ መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ዐረፈ?» ብሎ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ፣ ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 ቀን ባሉት ሦስት ቀናት ግን ይኸው ልብስ በበርካታ ከተሞች የተቃውሞ ምልክት ሆኖ ታይቷል። ምእመናን ጥቁር ለብሰው እንዲጾሙና እንዲጸልዩ ያወጀው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ነበር።

የጉጂ ዞን ነዋሪ፣ በክብረ መንግሥትም ይሁን በአካባቢዋ ያለ፣ ይህን ጉዳይ የሩቅ ወሬ አድርጎ ሊመለከተው አይችልም። የክርክሩ አንዱ ምክንያት ምእመናን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በተለይም በአፋን ኦሮሞ፣ የሚያገኙት አገልግሎት ነበር። ደም የፈሰሰባት ሻሸመኔም ከዚህ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ በወሊሶ አቅራቢያ በሚገኘው ሐሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን፣ ብፁዕ አቡነ ሳዊሮስ፣ ብፁዕ አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ብፁዕ አቡነ ዜና ማርቆስ የሲኖዶሱ ፈቃድ ሳይኖር 26 መነኮሳትን በኤጲስ ቆጶስነት መሾማቸውን አስታወቁ። ያቀረቡት ምክንያት ሕዝቡ በቋንቋውና በባህሉ የሚያገለግሉትን አባቶች አጥቷል፣ በዚህም የተነሣ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗን እያጣች ነው የሚል ነበር።

ቅዱስ ሲኖዶስ በበኩሉ ጥር 18 ቀን ሊቃነ ጳጳሳቱንና ተሾሙ የተባሉትን አወገዘ። በቤተ ክርስቲያን ቀኖና መሠረት ኤጲስ ቆጶስ መርጦ የመሾም ሥልጣን የሲኖዶስ ብቻ ነው፤ የቋንቋ ጥያቄም መፈታት ያለበት በዚያው ጉባኤ ነው ሲል አሳወቀ።

ተሾሙ የተባሉት አባቶች ወደ ተመደቡባቸው አህጉረ ስብከት መሄድ ሲጀምሩ ውዝግቡ ከጉባኤ አዳራሽ ወጥቶ ወደ አጥቢያዎች ደጃፍ ደረሰ። ሲኖዶሱ በአንዳንድ ቦታዎች የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ለአንዱ ወገን ድጋፍ ሰጥተዋል ሲል ከሰሰ። ጥር 27 ቀን በሻሸመኔ ቤተ ክርስቲያናቸውን ለመጠበቅ በተሰበሰቡ ምእመናን ላይ በተወሰደ የኃይል እርምጃ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ።

ሦስቱን ጥያቄዎች መለየት

እንዲህ ያለ ተቃውሞ በአጠገቡ ሲነሣ የሚያይ ሰው በአንድነት የተደባለቁ ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው የአገልግሎት ጥያቄ ነው። ገበሬው ቅዳሴውንና ስብከቱን በሚሰማው ቋንቋ ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ይህን ሁለቱም ወገኖች አልካዱም። ሁለተኛው የሥልጣን ጥያቄ ነው፦ ማን ይሾማል? ማንስ ይሽራል? ይህ የቤተ ክርስቲያኒቱ የውስጥ ሕግ የሚዳኘው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ይደነግጋል። ሦስተኛው የሕዝብ ሰላም ጥያቄ ነው። ይህኛው የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ ይሁን እንጂ የጸጥታ ጥበቃው ለአንዱ ወገን በር መክፈቻ ከሆነ ሦስተኛው ጥያቄ ሁለተኛውን ይውጠዋል። በሻሸመኔ የታየው የሕዝብ ቁጣም ከዚህ ስጋት ጋር የተያያዘ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብት እንዳለው ይገልጻል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ተቀምጧል። ሰልፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ለአካባቢው አስተዳደር ማሳወቅ አለባቸው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ቢለወጥ ይሻላል ካለ ምክንያቱን ጠቅሶ በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ሰልፉ በየትኛውም ጊዜና ቦታ አይደረግም ብሎ መከልከል ግን አይችልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ድንጋጌ አለ። ይኸው አዋጅ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከመሰል የጸሎት ቤቶች በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ እንዳይደረግ ይከለክላል። በአንጻሩ በቅጥር ግቢው ውስጥ የሚደረግ ጸሎትና ምህላ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የተጠበቀ የአምልኮ ነጻነት ነው። በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሶ ቅዳሴ የገባ ምእመን ተቃውሞውን የገለጸው በአምልኮው ውስጥ ነበር።

ነገሩ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን በሸገር ከተማ የመስጊዶችን መፍረስ የተቃወሙ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቁ አንዋር መስጊድ ድምፃቸውን ባሰሙበት ወቅትም የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

ፍጻሜው

ሲኖዶሱ ለየካቲት 5 ቀን አገር አቀፍ ሰልፍ ጠርቶ ነበር፤ መንግሥት ሰልፉን ከለከለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ አባቶች ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ከተወያዩ በኋላ ሰልፉ በዋዜማው ተላለፈ። የካቲት 8 ቀን ደግሞ ሊቃነ ጳጳሳቱ ወደ ቀድሞ ቦታቸው የሚመለሱበት፣ የተሰጠው ሹመት የሚቀርበትና በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠው አገልግሎት የሚጠናከርበት ስምምነት ተፈረመ። አለመግባባቱ በዚህ ብቻ ፈጽሞ ባይጠፋም፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲኖዶሱ ራሱ በኦሮሚያና በደቡብ ላሉ አህጉረ ስብከት ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ።

በጥር ወር ሰው የሞተበት ጥያቄ በየካቲትና በሐምሌ መልስ ያገኘው በጉባኤ ነው። በየአጥቢያው ወደፊት ቅሬታ ቢነሣ፣ የደብር አስተዳዳሪዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የአገር ሽማግሌዎችና የወረዳ ኃላፊዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው። ቅሬታውን ቀድሞ በጽሑፍ መቀበል፣ ቀኖናውን ለባለቤቱ መተው፣ የጸጥታ ኃይልም በሩን ለማንም ሳይከፍትና ሳይዘጋ የሁሉንም ሕይወት እንዲጠብቅ ማድረግ ይገባል። በደጃፉ የሚያልፈው ገበሬና ነጋዴም ያየውን እንጂ የሰማውን ባያወራ ለጎረቤቱ ሰላም የበኩሉን ያደርጋል።