በካርድ ተሸፍኖ ከመደርደሪያ የታጣ መድኃኒት

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ቤተሰቦች በየዓመቱ በሚያዋጡት ገንዘብ ከመካከላቸው የታመመው የሚታከምበት ሥርዓት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባሉ ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር እስከ ሆስፒታል ሲደርስ ምርመራውንም የታዘዘለትን መድኃኒትም ከኪሱ ሳይከፍል እንዲያገኝ ሥርዓቱ ቃል ይገባለታል። ይሁን እንጂ የአባልነት ካርዱ ታድሶ፣ ማዘዣውም በትክክል ተጽፎ ሳለ መድኃኒቱ ስለሌለ ብቻ «ከውጭ ግዙ» ተብሎ የሚመለሰው ታካሚ፣ በመድኃኒት ማደያ መስኮት የሚሠራ ፋርማሲስት ዘወትር የሚገጥመው ሰው ነው።

የችግሩ ሥር በገንዘቡ አዙሪት ውስጥ ይገኛል። ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚገዙት በተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም ከመድኃኒት ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ለቀጣዩ ግዥ በሚውልበት አሠራር ነው። ለመድህን አባል የሚሰጠው መድኃኒት ግን በዱቤ ስለሆነ፣ የወረዳው መድህን ክፍያውን ሲያዘገይ ተቋሙ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ በመሆኑም፣ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መወሰኑ ያስከተለው የዋጋ ጭማሪ የፈንዱን የመግዛት አቅም አሳንሶታል። መዋጮ ከፍሎ መድኃኒቱን ደግሞ በራሱ ገንዘብ የገዛ አባል በሚቀጥለው ዓመት ካርዱን ላለማደስ ሲወስን፣ የጋራው ቋት ይበልጥ ይሳሳል።

የዚህ ጉድለት ጉዳት በሂሳብ መዝገብ ብቻ አይቀርም። የደም ግፊት ታካሚ ሕመሙ ስለማይሰማው ኪኒኑን ለማብቃቃት አንድ ቀን እየዘለለ ሲወስድ፣ ግፊቱ በዝምታ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል የስኳር ታካሚ መጠኑን በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ተከማችቶበት ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ታካሚው ይሉኝታ ይዞት ገንዘብ እንደሌለው አይናገርም፤ «እሺ» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ «መግዛት ይችላሉ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ሳይወስዱ የቀሩበት ቀን አለ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ እውነቱን ቶሎ ያወጣዋል።

ፋርማሲስቱ ምንዛሪውን መለወጥ ባይችልም በእጁ ያለው ቀላል አይደለም። የትኛው መድኃኒት እንዳለና እንደሌለ ለሐኪሞች በየጊዜው ማሳወቅ፣ ማዘዣው በአምራቹ የንግድ ስም ሳይሆን በጀነሪክ ስም፣ ማለትም በመድኃኒቱ ፍቱን ንጥረ ነገር መጠሪያ እንዲጻፍ ማድረግ፣ ብዙ መድኃኒት ከታዘዘም መቋረጥ የሌለበትን ለይቶ መንገር ከሥራው ድርሻ ናቸው። አንዳንድ መድህኖች ከውጭ የተገዛውን መድኃኒት ወጪ ስለሚተኩ፣ መድኃኒቱ በተቋሙ አለመኖሩን በማዘዣው ላይ በማኅተም አረጋግጦ ደረሰኙ እንዲያዝ መምከርም የዚሁ አካል ነው። የወረዳ መድህን ጽሕፈት ቤቶች በበኩላቸው ክፍያን በወቅቱ መፈጸምን የአባላትን ቁጥር ከማብዛት እኩል ሊመለከቱት ይገባል፤ አባሉ መድህኑን የሚመዝነው ታሞ በመጣበት ቀን መድኃኒቱን በማግኘቱና በማጣቱ ነውና።