ምንጭ ባለበት ከተማ ውሃ ሲጠፋ፦ ስለ ሆቴል ሥራ ተረትና እውነታ

አርባ ምንጭ ላይ ሆቴል ስለመክፈት በሚወራበት ቦታ አንድ አባባል አይጠፋም፤ «ውሃው ከታች ይፈልቃል፣ ሐይቁ ከፊት ይታያል፣ አዞው ቱሪስት ይጠራል፤ የቀረው ሕንፃ ማቆም ነው።» ገንዘብ ላለው ሰው ግን ሕንፃ ማቆም ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚመጣው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ከውሃው ልጀምር። ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁት ከገደሉ ሥር፣ ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ነው። ዕይታ የሚሸጡት ስመ ጥር ማረፊያዎች ደግሞ ከላይ፣ ሴቻ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ገደል አፋፍ ላይ ተሠርተዋል። ውሃ በራሱ ዳገት አይወጣም፤ በፓምፕ ይገፋል፣ ፓምፑም መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ውሃም ሊሄድ ይችላል። የሆቴሉ ጄኔሬተር አምፖሉን ቢያበራም የከተማውን መስመር አይሞላም።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ እንግዳ በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም፣ 40 ሰው ያሳደረ ሆቴል ለመታጠቢያና ለሽንት ቤት ብቻ 4,000 ሊትር ያስፈልገዋል። ወጥ ቤቱ፣ የአንሶላው እጥበትና የጓሮው አትክልት ገና አልተቆጠሩም። ጣሪያ ላይ የተሰቀለች አንዲት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አታሻግርም። ሆቴል ሊሠራ ያሰበ ሰው ከመስታወቱና ከእብነ በረዱ በፊት የውሃ ማጠራቀሚያውን ስፋት ቢጠይቅ ይሻላል እላለሁ።

ሮቶው ክዳን ሊኖረውም ይገባል። በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ መገኘቷ የተረጋገጠው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ፣ ሰው በሚያጠራቅመው ውሃ ውስጥ መራባት ትወዳለች። አርባ ምንጭም ወባማ ቆላ ናት። «ክፍሉ ኤሲ ካለው አጎበር ምን ያደርጋል?» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። ኤሲው የሚሠራው መብራት እስካለ ድረስ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ እንግዳው ሙቀቱን ሸሽቶ መስኮት ይከፍታል፤ ትንኟም የምትናከሰው በዚያው ሰዓት ነው። ያልተቀደደ አጎበርና መስኮቱ ላይ የተወጠረ ወንፊት የመኝታው አካል ናቸው።

«ዕይታው ራሱ ይሸጣል» የሚለውም በግማሽ ብቻ እውነት ነው። የአባያንና የጫሞን ሐይቆች የሚለየውን የእግዜር ድልድይ ከሰገነት ላይ ሆኖ ማየት በእርግጥ ሰው ይስባል። ባለሆቴሉ አቶ በቀለ ሞላ በላንጋኖና በሻሸመኔ እንዳደረጉት ሁሉ እዚህም ሆቴል ሲያቆሙ፣ ይህን አፋፍ የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ነገር ግን ዕይታው የሆቴሉ ንብረት አይደለም። ከሥር ያለው ደን የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ የከተማው ሰው ለማገዶ ሲቆርጠው ዘመናት አልፈዋል። ከዚያ የተለቀመ እንጨት የሚገዛ ወጥ ቤት የሚሸጠውን ዕይታና የሚጠጣውን ምንጭ አንድ ላይ እያነደደ ነው።

ብዙ ሰው «አልጋ የለም» የሚል ሆቴል ሲያይ ባለቤቱ ከበረ ይላል። 40 አልጋ በ1,000 ብር ቢከራይ 40,000 ብር ይገባል። 30 አልጋ በ1,500 ብር ቢከራይ ግን 45,000 ብር ይሆናል፤ የሚታጠበው አንሶላና የሚፈሰው ውሃም ያንሳል። ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ቃል ትርፉን አይናገርም።

የውጭ ቱሪስቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነው። ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥቶ አዞና ጉማሬ አይቶ፣ ዶርዜ ወጥቶ የቀርከሃውን ቤት ጎብኝቶ፣ ወደ ኮንሶና ወደ ኦሞ ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ቀረ። ለእኔ ዓመቱን ሙሉ ሆቴል ያኖራል የምለው ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመጣው አበልተኛ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስመርቅ የሚመጣው ቤተሰብ፣ ሙዝ ሊጭን የሚመጣው ነጋዴና ሹፌሩ ነው። ሹፌሩን ከጓሮ የሚያሳድር ሆቴል የነገ እንግዳውን እያባረረ ነው፤ ብዙ መንገደኛ አልጋ የት እንደሚሻል የሚጠይቀው ሹፌሩን ነውና።

ልቤን የሚነካው ተረት ግን «እንግዳ መቀበል በደማችን ነው፤ ሥልጠና ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። የሕዝቡን ደግነት ማንም አይክድም። የጋሞ አባቶች በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በቀልን ያስቆሙት እዚሁ ከተማ ነው። ቢሆንም ቤቱ እንግዳ የሚቀበል ሰው ሒሳብ አያስከፍልም፣ 30 ክፍል አያጸዳም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በር አይከፍትም። ጥሬ ዶሮ የተቆረጠበትን ቢላዋ ከሰላጣው መለየት፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ተይዞላቸው ሲገናኙ ማስታረቅ፣ የተቆጣን እንግዳ ሳይመልሱ ማዳመጥ፣ ሁሉም የሚማሩት ሙያ ነው። አገሪቱም ለዚሁ ሙያ ማሠልጠኛ ያቋቋመችው ገና በ1960ዎቹ ነበር። በሳምንት ውስጥ ተቀጥሮ ትሪ የሚያነሳ ወጣት ሲሳሳት፣ ጥፋቱ ሳያሠለጥን ያሰማራው ሰው ነው።

ከደረሰኙ ላይ የሚነበበው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም ከዚሁ ከሠራተኛው ጉዳይ ጋር ይያያዛል። ብዙ እንግዳ ግብር ይመስለዋል። ግብሩ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ 10 በመቶውን የሚጨምረው ሆቴሉ ነው። 1,000 ብር የተባለ ክፍል በተለመደው ስሌት 1,265 ብር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሪሴፕሽኑ መጀመሪያውኑ የመጨረሻውን ዋጋ ይንገር። 10 በመቶው ለማን እንደሚደርስም ሠራተኛው ያለ ፍርሃት የሚጠይቅበት፣ ባለቤቱም በወሩ መጨረሻ መዝገብ ገልጦ የሚያሳይበት አሠራር ይኑር።