ስለ ጀማሪ ዲጂታል ካሜራ የባለቤቶቹ ምስክርነት

አንድ ዕቃ በሱቅ መስኮት ሳለ የሚናገርለት ሻጩ ነው፤ ከተሸጠ ከዓመት በኋላ ግን የሚናገርለት ገዢው ነው። ስለዚህ አስመጪም ሆነ ባለ ሱቅ የሸቀጡን እውነተኛ ዋጋ ለማወቅ ሲፈልግ፣ የፋብሪካውን ማስታወቂያ ከማንበብ ይልቅ የገዙትን ሰዎች ቃል ቢሰማ ይበልጥ ይጠቀማል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ ዙሪያ፣ በሠርግ፣ በምረቃና በስብሰባ ፎቶግራፍ የሚተዳደሩ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩበት ዲጂታል ኤስ.ኤል.አር. ካሜራ እንዲህ ያለ ምስክርነት ከሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች አንዱ ነው።

ይህ ካሜራ በሌንሱ በኩል የገባውን ብርሃን በመስተዋት መልሶ በመመልከቻው ቀዳዳ ለዓይን ያሳያል፤ ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ይነሣና ብርሃኑ በፊልም ፈንታ በኤሌክትሮኒክ መዝጋቢ ላይ ያርፋል። ሌንሱም እየተፈታ እንደ ሥራው ዓይነት ይለወጣል። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ የካነን ኩባንያ 300ዲ የተባለውን ካሜራ ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር ባነሰ ዋጋ እስኪያወጣ ድረስ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከተራ ገዢ ዐቅም በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካነንና ኒኮን በየጊዜው ያወጧቸው ጀማሪ ካሜራዎች ሙያውን ለብዙዎች ከፍተዋል። ቀድሞ በአዲስ አበባ ይህ ሙያ በጥቂት ቤተ ሰቦች እጅ ነበር፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሙያውን ለልጆቹ እንዳወረሰ ይታወሳል። ዛሬ ግን አንድ ካሜራ በትከሻው ያንጠለጠለ ወጣት ነጋዴ ሊባል ይችላል።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ነው። የአፍሪቃ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም አካባቢው የእንግዳና የስብሰባ ሰፈር ሆኖ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሥራ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወሩ። በዚያ ጊዜ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ የአምስት ልጆች አባት፣ የመብራቱን ዕቃና የጀርባውን መጋረጃ የሚያኖሩበት ስፍራ አጥተው ለዘመድ አደራ ሰጡ። በእጃቸው የቀረው ያገለገለ ካነን 1200ዲ ካሜራ ብቻ ነበር። ደንበኞቻቸውን በስልክ እየጠሩ፣ ክርስትናውንም ምረቃውንም በየቤቱ እየሄዱ በማንሳት ቤተ ሰባቸውን ያስተዳደሩት በዚሁ ካሜራ ነው። ቤቱ ቢፈርስም ሥራው አልፈረሰም። ርካሽ የተባለው ዕቃ ከባድ ቀን እንደሚያሻግር ከዚህ ይታያል።

ነገር ግን ሁሉም ባለቤት እንዲህ ያለ ምስጋና የለውም። አንዲት ወጣት ቁጠባዋን ሁሉ አውጥታ አዲስ ካነን 4000ዲ ገዛች። ለግንቦት ሠርግ ቀብድ ተቀብላ፣ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን የሌላ ፋብሪካ ፍላሽ በካሜራው ራስ ላይ ብትሰካው አልበራ አለ። ፍላሹ ተበላሽቶ አልነበረም፤ በዚህ ካሜራ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ስፍራ በሌሎች ካሜራዎች ላይ ያለው የመካከለኛው መገናኛ ነጥብ ስለሌለው፣ በዚያ ነጥብ ብቻ የሚተኮሱ ተራ ፍላሾችና ትሪገሮች አይሠሩበትም። ወጣቲቱ በሠርጉ ዋዜማ ሌላ ካሜራ ለመከራየት ተገደደች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ትርፍም በኪራዩ አለቀ። ሻጩ ካሜራውን ለምን ሥራ እንደምትፈልገው ጠይቆ አንድ ቃል ቢነግራት ኖሮ ጥቂት ገንዘብ ጨምራ ሌላ ትገዛ ነበር። አሁን ለሚጠይቋት ሁሉ ያን ሱቅ እንዳይሄዱ ትመክራለች። በአንድ ካሜራ የተገኘው ትርፍ ስንት ደንበኛ እንዳስቀረ ባለ ሱቁ አያውቅም።

ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ኒኮን ዲ3500 ገዝቶ፣ ከአንድ አዛውንት ባለሙያ የቆየ ግን ጥሩ የኒኮን ሌንስ በርካሽ አገኘ። የኒኮን ሌንስ መግጠሚያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅርጹ ስለ ቆየ ሌንሱ በካሜራው ላይ ገጠመ፤ ነገር ግን በራሱ ፎከስ ማድረግ አልቻለም። ምክንያቱም እነዚህ ጀማሪ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ሞተሩ በሌንሱ ውስጥ መኖር አለበት። ሰውየው በእጁ እያዞረ የቆመን ሰው ያነሣበታል፤ የሚጨፍሩ ሙሽሮችን ለማንሣት ግን አልተመቸውም።

ስለ ባትሪም የባለቤቶቹ ቃል አንድ ነው። በፋብሪካው መለኪያ ካነን 2000ዲና 4000ዲ በአንድ ሙሌት 500 ያህል፣ ኒኮን ዲ3500 ደግሞ 1,550 ያህል ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ከሙሽራዪቱ ቤት እስከ መልስ ድረስ ለሚሠራ ሰው ከ1,000 በላይ ማንሣት ብርቅ ስላልሆነ፣ የካነን ባለቤት ሁለትና ሦስት ባትሪ ሳይይዝ ከቤቱ አይወጣም። ካሜራውን ገዝቶ ትርፍ ባትሪውን የተወ ሰው በቅሎ ገዝቶ ኮርቻውን እንደ ተወ ሰው ነው። ለባለ ሱቁ መልካሙ ነገር ከ1100ዲ እስከ 4000ዲ ያሉት የካነን ጀማሪ ካሜራዎች ሁሉ ኤልፒ-ኢ10 የተባለውን አንድ ዓይነት ባትሪ መውሰዳቸው ነው፤ አንዱን ዓይነት ቢያስመጣ ለብዙ ደንበኞች ይበቃዋል።

ከዚህም በቀር የስም መለያየት ብዙ ሰው ያሳስታል። አውሮፓ ውስጥ 4000ዲ የተባለው ካሜራ በአሜሪካ ሪበል ቲ100፣ በእስያ 3000ዲ ይባላል። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣው ይሻላል ብሎ ጭማሪ የሚከፍል ገዢ ለስም ብቻ ይከፍላል፤ ይህን እያወቀ ጭማሪውን የሚቀበል ሻጭም የሚሸጠው ካሜራ ሳይሆን ስም ነው።

የዋጋውም ነገር ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር አለፈ፤ ከዚያም ከ100 ብር በላይ ሆነ። የገዢው ገቢ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ስለዚህ ያገለገለ ካሜራ የሚፈልገው ሰው በዛ፤ የመዝጊያውን የአገልግሎት ቁጥር፣ የሌንሱን ሻጋታና የመዝጋቢውን አቧራ የማይመረምር ሻጭ ካለም ጉዳቱ የሚደርሰው በዚህ ገዢ ላይ ነው።

አስመጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን መስተዋት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል፤ ካነንና ኒኮን በ2018 እ.ኤ.አ. ለእነዚሁ ካሜራዎች አዲስ የሌንስ መግጠሚያ አውጥተዋል፤ የዲ3500 ሥራም በ2022 እ.ኤ.አ. ቆሟል። በመሆኑም የጀማሪውን ካሜራ አካል በብዛት ማከማቸት አያዋጣም። ሌንሱ ግን ከካሜራው ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ለምሳሌ ካነን በ1987 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኢኤፍ የተባለው ሌንስ አዳፕተር በሚባለው ማገናኛ በአዲሶቹም ካሜራዎች ላይ ይሠራል። ጥሩ ሌንስ፣ ባትሪ፣ ቻርጀርና እውነተኛ ሚሞሪ ካርድ ያስመጣ ነጋዴ የዛሬውንም የነገውንም ደንበኛ ይይዛል።

ባለቤቶቹ ከሻጭ የሚፈልጉት ብዙ አይደለም። ከመሸጡ በፊት የገዢውን ሥራ እንዲጠይቅ፣ ዕቃው የሚችለውን ብቻ ሳይሆን የማይችለውንም እንዲነግር፣ ካሜራውንም በፊቱ በፍላሽና በሌንስ ሞክሮ እንዲያስረክብ ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ለባለ ሱቁ አነስተኛ ሽያጭ የሆነው ካሜራ ለገዢው መተዳደሪያው መሆኑን የማይዘነጋ ነጋዴ፣ ያ ወጣት ሥራው ሲሰፋ ሁለተኛውን ካሜራ ለመግዛት ወደ እርሱ ሱቅ ሲመለስ ያየዋል።