የምክር ቤት ወንበር እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይታጣል?

ቤቴል ታክሲ ተራ ላይ የቆመ ሰው ስለ ከንቲባዋ ቢጠየቅ አስተያየት አያጣም። ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ውኃ ፈረቃው፣ ስለሚቆፈረውና ስለማይደፈነው መንገድም እንዲሁ። «ይህን ሰፈር በከተማው ምክር ቤት የሚወክለው ማን ነው?» ሲባል ግን ስም የሚጠራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሰዉ ግዴለሽ ስለሆነ ነው ማለት ይቀናናል። እኔ አይመስለኝም። የተወካዩ ስም የማይታወቀው ወንበሩ ከሚገኝበት መንገድ የተነሳ ነው።

በመጀመሪያ ምክር ቤቶቹን እንለያቸው። አዲስ አበባ ክልል አይደለችም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት ራሷን የምታስተዳድር የፌዴራል መንግሥት ርዕሰ ከተማ ናት። ቢሆንም የከተማዋ ምክር ቤት ሥራው ከክልል ምክር ቤት ብዙም አይርቅም፦ የከተማ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባ ይሰይማል፣ ካቢኔ ይሾማል። 138 ወንበር አለው። ከእሱ በላይ ደግሞ አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ቤቴል ውስጥ የተሰለፈ መራጭ የድምፅ መስጫ ወረቀት የተሰጠው ለሁለቱ ነው፤ አንዱ ለፌዴራሉ፣ ሌላው ለከተማው። የዚያን ዕለት ሰልፉ አላልቅ ብሎ ምርጫ ቦርድ የድምፅ መስጫውን ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ማራዘሙን ብዙዎች ያስታውሳሉ።

እዚህ ላይ ነዋሪውን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። መታወቂያችሁ ላይ ያለው የወረዳ ቁጥርና የምርጫ ክልላችሁ ቁጥር አንድ አይደሉም። ከተማዋ በ1995 ዓ.ም. በክፍለ ከተማ ከመዋቀሯ በፊት 28 ወረዳዎች ነበሯት፤ የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር የመጣው ከእነዚያ ነው። የምርጫ ክልሎቹ 23 ሆነው ሳለ «ምርጫ ክልል 28» የሚባል የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «የወረዳ እንዲህ ነዋሪ ነኝ፣ ተወካዬ ማን ነው?» ብሎ በወረዳው ቁጥር የሚፈልግ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ዕጩ ለመሆን ሕጉ የሚጠይቀው እምብዛም አይከብድም። ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 21 ዓመት መሙላት፣ የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ ማወቅ፣ የአካባቢው ነዋሪ መሆን። ዋናው በር ፓርቲ ነው። ፓርቲው ዕጩውን ያቀርባል፣ ምልክቱን ያውሰዋል፣ ፖስተሩን ያትምለታል፣ የቅስቀሳ መኪናውን ይልክለታል። በግል መቅረብ ይቻላል፤ የግል ዕጩ ግን ሌላ ሸክም አለበት፤ ከመራጩ የድጋፍ ፊርማ መሰብሰብ። በ2013ቱ ምርጫ ይህ ግዴታ በኮሮና ምክንያት ተነስቶ ነበር።

መራጩ ወረቀቱን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ምልክቱን ነው። በ1997 ሰዉ ሲያወራ የነበረው ስለ ገዢው ኢሕአዴግ ንብና ስለ ተቃዋሚው ቅንጅት ሁለት ጣት ነው፤ በ2013 ደግሞ ኢሕአዴግን ስለተካው ብልጽግና አምፖል። የዕጩው ስም ከምልክቱ አጠገብ አለ፤ ግን ስንቱ ያነበዋል?

የምልክቱን ጉልበት ለመረዳት ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። 138 ወንበር ለ23 የምርጫ ክልል ሲካፈል በአማካይ 6 ይደርሳል። ለፌዴራሉ ምክር ቤት ከአንድ ምርጫ ክልል አንድ ሰው ሲመረጥ ለከተማው ከዚያው ክልል ብዙ ሰዎች ይመረጣሉ ማለት ነው። የምርጫ ሥርዓቱ ደግሞ አብላጫ ድምፅ ነው፤ ከሌሎቹ የበለጠ ያገኘ ያሸንፋል፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። አንድ ፓርቲ በአንድ ምርጫ ክልል ከመቶው 45፣ ሁለተኛው 40፣ ሦስተኛው 15 ድምፅ አገኙ እንበል። መራጩ በምልክት የሚመርጥ ከሆነ አንደኛው ፓርቲ የክልሉን ወንበሮች በሙሉ ይጠቀልላል። ለሌሎቹ ድምፅ የሰጡት 55 ሰዎች በምክር ቤቱ አንድም የመረጡት ሰው አይኖራቸውም። ይህ በ23ቱም ክልል ሲደጋገም የሚመጣውን ውጤት የአዲስ አበባ ሰው ደጋግሞ አይቶታል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፌዴራል መቀመጫዎች ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱ የእሱ ሆኑ፤ ለኢሕአዴግ የቀረው 1 ብቻ ነበር። የተመረጡት የቅንጅት አባላት ብርሃኑ ነጋን (ዶ/ር) ለከንቲባነት መረጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፦ በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሳ፣ ምክር ቤት እንግባ አንግባ የሚለው ክርክር ፓርቲውን ከፋፈለው፣ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ በ1998 መጀመሪያ ታሰሩ። የተመረጠው ከንቲባ ቢሮው ሳይገባ ከተማዋ በብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ዋለች። ብርሃኑና ጓደኞቹ በይቅርታ የተፈቱት በ1999 ማብቂያ ላይ ነው።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከተማዋ እንደገና መረጠች። ቁጥሩ ተገለበጠ፤ 137ቱ ወንበር የኢሕአዴግ፣ አንዱ የተቃዋሚ ሆነ። ኩማ ደመቅሳ ከንቲባ ሆኑ። በ2005 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 138ቱንም ወሰደ፤ ድሪባ ኩማም ከንቲባ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ብልጽግና 138ቱንም ጠቀለለ። ተቃዋሚዎቹ ኢዜማና ባልደራስ በከተማዋ ሰፊ ቅስቀሳ አድርገው አንድም የከተማ ምክር ቤት ወንበር አላገኙም። የባልደራሱ እስክንድር ነጋ የተወዳደረው እስር ቤት ሆኖ ነበር፤ ዕጩ ሆኖ እንዲመዘገብ የወሰነለት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ሰሚ ችሎት ነው።

እነዚህን አራት ምርጫዎች ደርድሮ ላየ፣ የአንድ ምክር ቤት አባል የምርጫ ዕድል በራሱ ሥራ የሚወሰን አይመስልም። ከ137ቱ የ1997 ተመራጮች መካከል ጎበዝ ሐኪም፣ ጥሩ ጠበቃ፣ በሰፈሩ የተወደደ መምህር ሊኖር ይችላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ከወንበሩ የጠፋው ግን ሰፈሩን በደንብ ስላልወከለ አይደለም። የገባውም የወጣውም ከፓርቲው ጋር ነው።

ከዚህ ወጣ ያለ ታሪክ ያለው ግርማ ሰይፉ ነው። በግንቦት 2002ቱ ምርጫ ከፌዴራሉ ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ከካፋ ቦንጋ በግል የተወዳደሩት አሸብር ወልደጊዮርጊስ (ዶ/ር) አገኙ። ሌላውን የተቃዋሚዎች ስብስብ የሆነውን መድረክን ወክሎ በአዲስ አበባ የቀረበው የአንድነት ፓርቲው ግርማ ሰይፉ አሸነፈ። አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ እንደራሴ እሱ ነበር። ብቻውን ሕግ ማስቆም አይችልም፤ የሚችለው ጠቅላይ ሚኒስትሩን መጠየቅ፣ መቃወምና ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ለአንድ ሰው ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ስሙን ከመቶ የገዢው ፓርቲ እንደራሴዎች ስም በላይ ሰው የሚያስታውሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

ወንበሩ ግን እሱንም ከፓርቲ ዕጣ አላዳነውም። ከ2007ቱ ምርጫ ጥቂት ወራት በፊት በአንድነት ውስጥ ክፍፍል ተነሳ፤ ምርጫ ቦርድ የፓርቲውን ስምና ምልክት ለሌላው ወገን ሰጠ። በዚያ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ያዙ። ግርማ ከዓመታት በኋላ ኢዜማን ከመሠረቱት ፖለቲከኞች መካከል ሆነ፤ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። ብርሃኑ ነጋም በ2013 ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ወዲያው የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በ1997 ተመርጦ ሥልጣን ያላገኘ ሰው በ2014 ሳይመረጥ ሥልጣን አገኘ ማለት ነው። ይህን ዕርቅ የሚለው አለ፣ መዋጥ የሚለውም አለ። ለመራጩ ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ ሹመት ከላይ ስለሚመጣ በድምፅ አይነሳም።

በግል ተወዳድሮ ማሸነፍስ? በአዲስ አበባ በ2013 ብልጽግና ከ23ቱ የፌዴራል መቀመጫዎች 22ቱን ሲወስድ አንዷን በግል የቀረበው ዲያቆን ዳንኤል ክብረት አሸነፈ። ከምርጫው በፊት የታወቀ ጸሐፊና ሰባኪ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩም አማካሪ ነበር። ለግል ዕጩ ምልክቱ ስሙ ነው፤ ስም የሌለው ሰው በግል ቢወዳደር ይለፋል።

ከተመረጠ በኋላስ አባሉ ምን ይሠራል? ትልቁ ሥራ በጀት ነው። የአዲስ አበባ በጀት ለ2016 ወደ 140 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለ2018 የጸደቀው 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ ያደገ ገንዘብ ከሐምሌ በፊት ቀርቦ በእነዚህ 138 ሰዎች እጅ ያልፋል። የቤቴል የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የትምህርት ቤት ማስፋፊያ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ ነው። ሁሉም አባል ከአንድ ፓርቲ በሆነበት ምክር ቤት ግን «ይህ ለምን ተጨመረ፣ ያ ለምን ተቀነሰ?» የሚለው ክርክር የሚያልቀው በፓርቲው ውስጥ ነው፤ ሕዝብ ፊት የሚደርሰው እጅ ማውጣቱ ነው።

የከንቲባ ምርጫውም እንደዚሁ። በ1995 በወጣው የከተማዋ ቻርተር ከንቲባው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። በ2010 ግን የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ ምርጫው ተራዘመ፣ ቻርተሩም ተሻሻለና የምክር ቤት አባል ያልሆኑት ታከለ ኡማ በምክትል ከንቲባ ማዕረግ ከተማዋን መሩ። በ2012 መጨረሻ አዳነች አቤቤ ተኳቸው፤ እሳቸው ከምርጫው በኋላ በመስከረም 2014 በአዲሱ ምክር ቤት ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በ2005 ለአምስት ዓመት የተመረጠው ምክር ቤት ስምንት ዓመት ግድም ቆየ።

ወንበር ከምርጫ ውጪም ይታጣል፤ በሞት፣ በመልቀቅ፣ በፍርድ። ለፌዴራሉ እንደራሴ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ሁለት ነገር ይላል፦ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ መራጩ አመኔታ ካጣበት ደግሞ ሊነሳ ይችላል። ሁለተኛው ወረቀት ላይ የቀረ መብት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያውም ሲፈተን አይተናል፤ በ2013 በተቃዋሚው አብን የተመረጡት ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ታሰሩ፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሳው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው።

መፍትሔ ተብሎ ሲነሳ የኖረው ተመጣጣኝ ውክልና ነው፤ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር ይካፈሉ የሚለው። ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች በ2010 አካባቢ ባደረጉት ድርድር ቅይጥ ሥርዓት ላይ ደርሰው ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እኔን ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ለነዋሪው የቀረበው የወረዳ ምክር ቤት ነው። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። የ2010ሩ ተራዘመ፣ የ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫም ወረዳን አልጨመረም። ፖለቲካ የሚለመደው ከታች ነው፤ የሰፈሩን ቦይ ያስጠረገ ሰው ነገ ለከተማ ቢወዳደር ስሙ ይታወቃል። ያ ደረጃ ከሌለ ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርበውን ሰው መራጩ የሚያውቀው በፖስተር ብቻ ነው።

ለቤቴል ነዋሪ የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ ሰው መመዝገብ ይችላል። ስትመዘገቡ የምርጫ ክልላችሁን ቁጥር ጻፉት፣ ለከተማው ምክር ቤት የቀረቡትን ሁሉ ስማቸውን ጠይቁ፣ ከምልክቱ ጎን ያለውን ስም አንብቡ። ቅስቀሳ ይዞ የመጣውንም ዕጩ «በጀቱ ሲቀርብ ስለዚህ ሰፈር ምን ትጠይቃለህ?» በሉት። መልስ ከሌለው ቀጣዩን ጠይቁ።