በትሪው ዙሪያ ማን ጠገበ?

ስድስት ሰው አንድ ትሪ ከቦ ተቀምጧል። ውሃ ሲያስፈልግ የምትነሳው ልጅቷ ናት። ጨው ሲጎድልም፣ ሕፃኑ ሲያለቅስም እሷው ናት። ተመልሳ ስትቀመጥ በእሷ በኩል የነበረው ወጥ አልቋል። ማንም አልከለከላትም፤ ግን አልደረሳትም።

የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ይህን አያይም። መጠይቁ ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ሊትር ዘይት ቤት እንደገባ ይጠይቃል፤ ድምሩ ለአባላቱ ይካፈላል። በወረቀት ላይ ሁሉም የድርሻውን በልቷል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የጅማ ዞን ጥናት ግን ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ራሳቸውን ጠየቀ። ወንዶቹም ሴቶቹም ክፉኛ ምግብ ባጠረበት ቤት የመኖር ዕድላቸው እኩል ነበር። «እኔ ራሴ ተቸግሬያለሁ» በማለት ግን ሴቶቹ በለጡ። ልዩነቱ የሰፋውም እጥረቱ በጠናባቸው ቤቶች ነው። ሞሰቡ ሲሞላ የማይታየው አድልዎ ሲጎድል ይወጣል ማለት ነው።

ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም፤ ከጀርባው ሒሳብ አለ። በብዙ የገጠር አካባቢ ወንዱ ከአባቱ መሬት ጋር ይቀራል፣ ሴቷ ተድራ ትሄዳለች። ጡረታ የሌለው ገበሬ ጧሪው ወደሚቀርበት ያደላል፤ አንዳንዴም ሳይታወቀው።

ሒሳቡን ከሚለውጡት ነገሮች አንዱ የገንዘቡ ተቀባይ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአረጋውያን ጡረታን ለጥቁር ዜጎቿ ስታሰፋ ምን እንደተከተለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎ መርምራለች። ጡረታው ለሴት አያት በገባበት ቤት የሴት ሕፃናት ክብደት ከቁመታቸው አንጻር ተሻሻለ፤ በወንዶቹ ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ለወንድ አያት ሲገባ ግን እንዲህ ያለ ውጤት አልተገኘም። ብሩ ያው ብር ነው፤ የተቀበለው እጅ ግን ለየው።

የእኛ አገር የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተረጂን የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው። ስንዴው ወይም ብሩ ደጃፉን ካለፈ በኋላ ያለውን መንገድ መዝገቡ አያውቀውም። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ክፍያው በማን ስም እንደሚሆን ሲወሰን ይታሰብበት፤ ጥናት ሲካሄድም አባወራውን ወይም እማወራዋን ብቻ ጠይቆ መመለስ ይቅር። ልጅቷም ለብቻዋ፣ ጆግ ይዛ ከመነሳቷ በፊት፣ ትጠየቅ፦ «ትናንት አንቺ ጠግበሽ ነበር?»