ገቢው በቅጽበት፣ ወጪው በቀጠሮ

በቃሊቲ መናኸሪያም ሆነ በአቃቂ ፋብሪካዎች ዙሪያ የስፖርት ውርርድ ቀድሞ የሚታወቀው በቤቲንግ ቤቶች ነበር፤ ተወራራጁ ጥሬ ገንዘብ ለካሸሩ ሰጥቶ ቲኬት ይቆርጣል፣ ከቀናውም ቲኬቱን ይዞ ይመለሳል። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለውን የእጅ ስልክ ዋሌት ሥራ ካስጀመረ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳ ከተከተለው ወዲህ ግን ውርርዱም ሆነ እንደ አቪዬተር ያሉ የካዚኖ ጠባይ ያላቸው ፈጣን ጨዋታዎች በእጅ ስልክ የሚከፈልባቸው ሆነዋል።

ገንዘብ የማስገባቱ አሠራር አጭር ነው። ተጫዋቹ መጠኑን ጽፎ የሚስጥር ቁጥሩን ሲያስገባ ብሩ ከዋሌቱ ወደ አቋማሪው ድርጅት ሂሳብ ይተላለፋል፣ ክፍያው መፈጸሙም ለድርጅቱ ኮምፒውተር ወዲያው ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ በስክሪኑ ላይ «ቀሪ ሂሳብ» ተብሎ የሚነበበው አኃዝ ድርጅቱ ለተጫዋቹ ያለበትን ዕዳ የሚያሳይ መዝገብ እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ብዙ ተጫዋች ልብ የማይለውም ይህንኑ ነው።

ዕዳው ተመልሶ ገንዘብ እስኪሆን ማንነት ይጣራል፣ የስልኩ ባለቤት ስም ከተመዘገበው ጋር ይመሳከራል፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ሲወጣ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ማጣራቱ ተገቢ ቢሆንም መዘግየቱ ዋጋ አለው፤ የሚጠብቀው ተጫዋች ብሩን መልሶ ሊያስይዘው ይችላልና። ለምሳሌ 37 ቁጥሮች ባሉት የአውሮፓ ሩሌት «የቤቱ ድርሻ»፣ ማለትም አጫዋቹ ከእያንዳንዱ ውርርድ በአማካይ የሚያስቀረው፣ 2.7 በመቶ ነው፤ ይህ ኢምንት ቢመስልም፣ 200 ብሩን እስኪያወጣ የሚጠብቅ ሰው እያገላበጠ በድምሩ 2,000 ብር ቢያስይዝ በአማካይ 54 ብር፣ ከያዘው ከሩብ በላይ፣ ያጣል።

ድራዘን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎወንስታይን በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰው ሲከፍል የሚሰማውን ቅሬታ «የመክፈል ሕመም» ብለው ተንትነዋል፤ ከእጅ የሚቆጠር ብር ሕመሙን ሲያጎላው፣ በስክሪን ላይ የሚቀያየር አኃዝ ያደበዝዘዋል። የብሪታንያ የቁማር ተቆጣጣሪ በ2020 እ.ኤ.አ. በክሬዲት ካርድ መቆመርን፣ በ2021 ደግሞ ተጫዋቹ ይውጣልኝ ያለውን ገንዘብ ሰርዞ ወደ ጨዋታ እንዲመልስ መፍቀድን ከልክሏል። በአቃቂ ቃሊቲ ክሬዲት ካርድ የያዘ ሰው ማግኘት ይከብድ ይሆናል፤ ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» የተባለ አነስተኛ ብድር ስለሚሰጥ፣ ብድር የሚገባበትና ውርርድ የሚከፈልበት ዋሌት አንድ ሊሆን ይችላል።